ዳይሬክት የሚያደርገው አንዱአምላክ

በመተማ በረሃ፣ ኮኪት ላይ ትራክተር እርሻ መሀል ቆሞ እምቢ ሲል የሚጠራው አንዱአምላክ ነው። ገበሬው «መሐንዲሱ» ይለዋል፤ እሱ ግን ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ትቶ፣ ሙያውን ገዳሪፍ ውስጥ ከሱዳን ትራክተሮች ሆድ ዕቃ የተማረ ሰው ነው። ዘዴው አንድ ብቻ ነው። ማሽን እምቢ ካለው በባትሪውና ሞተሩን በሚያስነሳው ሞተሪኖ መካከል የተቀመጠውን ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉ ቆርጦ ይጥልና ሽቦውን ከሽቦ ጋር ያገናኘዋል። «ዳይሬክት አደረግሁት» ይላል እጁን በጨርቅ እየጠረገ፤ ትራክተሩም ይነሳል። በእሱ ቤት ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ለመበላሸት ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነው። እውነቱን ለመናገር በዚህ አገር አቧራና ሙቀት አልተሳሳተም። ከኮኪት እስከ ገንዳ ውሃ ካለው ትራክተር ከሹፌሩ ፊት ባለው የግማሹ ክሩስኮት ላይ ያለው ቁልፍ ለጌጥ ነው።

እኔ የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር መምህር ነኝ፤ ማስተዋል እባላለሁ። ከደባርቅ ወርጄ እዚህ መኖር ከጀመርሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከሙቀቱ ጋር ግን እስከ ዛሬ አልታረቅሁም። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ቁጣዬም እንደሚጨምር የአንዱአምላክ ሚስት የዓለምወርቅ ነግራኛለች። አስቀድሜ የምነግራችሁ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሜ ስለምጮህ ነው። የምጮኸውም ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የራሴ ሲሆን ነው።

አንዱአምላክ አንድ ላፕቶፕ አለው። ኸሊፋ የሚባል የገዳሪፍ ገበሬ፣ በመከር መሀል የቆመ ትራክተሩን ስላስነሳለት በምስጋና የሰጠው ነው። ፊደሎቹ ላይ ዓረብኛ ታትሟል፤ ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት ተጭኖበት ስለመጣ አንዱአምላክ ኮምፒውተር ሁሉ እንደዚህ ይመስለዋል። የትራክተር ሽቦዎችን ሥዕል ያይበታል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መዝሙር ይሰማበታል። ሰሊጥ በሚራገፍበት ወራት አቧራው ጥርስ ውስጥ ሳይቀር ስለሚገባ፣ የዓለምወርቅ ከጆንያ ልብስ ሰፍታለታለች። እሱም በበኩሉ አያስፈልግም ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ደፍኖታል። አራት ዓመት ሙሉ ያ ላፕቶፕ አንድ ቀን አላስቸገረም። ያስቸገረው እኔ ከነካሁት በኋላ ነው።

የነካሁት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንዱአምላክ ባህሩ የሚባል ታናሽ ወንድም አለው፤ ካርቱም ልብስ ሰፊ ነበር። እዚያ ጦርነቱ ሲጀመር ድምፁ ጠፋ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሸሽቶ መተማ ዮሐንስ የደረሰ አንድ ሰው «ባህሩን በእጄ ቀበርሁት» አለ። ሌላ ባህሩ ይሁን፣ ወይ ሰውየው ዝም ብሎ ተናግሮ ይሁን፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እናታቸው ወይዘሮ አሰበች ግን ቋራ፣ ገለጉ ላይ ሆነው ሰሙ፤ ጠጉራቸውን ተላጩ፣ ጥቁር ለበሱ፣ ለቅሶ ተቀመጡ። ጠጉራቸውን እንደተላጩ፣ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ባህሩ ከፖርት ሱዳን በሰው ስልክ ደወለ።

አንዱአምላክ የወንድሙን ድምፅ ሲሰማ ትራክተር ሥር ተኝቶ እንደነበር ነግሮኛል። ቶሎ ልነሳ ሲል ግንባሩን ፈነከተ። ለእናቱ ሲነግር ግን አላመኑትም። ያለፈው ክረምት አንድ ሌባ «እማ፣ እኔ ነኝ፣ ታስሬያለሁ» ብሎ ደውሎላቸው ነበር፤ ገንዘብ ሊልኩለት ሲሉ ጎረቤቶች በስንት ልመና አስጣሏቸው። «ድምፅ ሰው አይደለም» አሉ። ተዝካሩን ለኅዳር ጽዮን ቆርጠዋል፤ የነፍስ አባታቸው ተስማምተዋል፤ ብቅሉ ተፈጭቷል፣ ጌሾው ተወቅጧል። አንዱአምላክን ለተዝካሩ ሊጠሩ በጭነት መኪና ተጭነው ኮኪት የገቡት ማክሰኞ ነው።

«ፊቱን ካላየሁ አልተውም» አሉን። «ሞቶ ከሆነስ? ነፍሱ ውሃ ጠምቷት ትቀመጥ?»

በስልክ የተላከ ፎቶውን አሳየናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ይዞታል፤ ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት፣ ዘቀዘቁት። «ይኸ ሰው ነው ወይስ ጉንዳን?» አሉና መለሱልኝ። ስለዚህ ፊቱን ትልቅ አድርጎ የሚያሳይ የላፕቶፕ መስኮት አስፈለገ። ባህሩም ዓርብ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ኢንተርኔት ያለበት ቤት እንደሚቀመጥ፣ ቅዳሜ ግን በጭነት መኪና ወደማያውቀው ቦታ እንደሚሄድ ነግሮናል። ከዚያ በኋላ መቼ ስልክ እንደሚያገኝ እሱም አያውቅም። ያለችን ዓርብ ነበረች።

ረቡዕ ላፕቶፑን ከጆንያ ልብሱ አወጣነው። የምስል መደወያው ሲከፈት «ሥርዓቱ አሮጌ ነው» ብሎ መለሰን። እኔ ደግሞ ጎንደር ለሥልጠና ሄጄ አዲሱን ሊኑክስ በፍላሽ ይዤ መጥቼ ነበር፤ ማሳየትም እወዳለሁ። «አሁኑኑ እናሻሽለዋለን» አልሁ። አንዱአምላክ ትንሽ አመነታ።

«መምህር፣ የሚሄድ ሞተር አይፈታም ይባላል እኮ» አለኝ።

«ይኸ ሞተር አይደለም» አልሁት፤ አሮጌውን አጥፍቼ አዲሱን ጫንሁበት።

መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ሠርተው የማያውቁት የድምፅ ቁልፎች ሠሩ። የብርሃን መጨመሪያውም ሠራ። አንዱአምላክ ድምፁን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያደረገ ሳቀ። «ሞተው የነበሩ ቁልፎች ተነሱ!» አለ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ቀጥዬ ስልኬን ሆትስፖት አድርጌ ላፕቶፑ ላይ ዋይፋይ ስፈልግ ግን የለም። ስልኬን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ላፕቶፑን አጠፋሁ፣ አበራሁ። የለም። ቅድም የነበረ ዋይፋይ፣ እንዳልነበረ ሆኖ ጠፋ።

ሐሙስ ከክፍል እንደወጣሁ ሮጬ ጋራዡ ገባሁ። ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ትእዛዝ ጻፍሁበት፤ ምን እንደዘጋው ጠየቅሁት። ሁለት መስመር መለሰ። በሶፍትዌር አልተዘጋም ይላል አንዱ። በአካል ተዘግቷል ይላል ሁለተኛው። አሥር ጊዜ አነበብሁት።

«በአካል ሲል የማንን አካል ነው?» አለ አንዱአምላክ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሶ።

«የሱን!»

«ታዲያ ለምን ትጮህብኛለህ? እኔ ዘጋሁት?»

የአንቴና ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ተጫንሁ። ሌላ ቁልፍ አብሬ ተጫንሁ። ከቁልፉ አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት ብርቱካናማ ናት፤ በመመሪያው መሠረት ብርቱካናማ ማለት ዋይፋዩ ጠፍቷል ማለት ነው። ነገር ግን መብራቷ አራቱን ዓመት ሙሉ ብርቱካናማ ነበረች፤ ዋይፋዩም አራቱን ዓመት ሙሉ ሲሠራ ነበር። ስለዚህ ውሸታም መብራት ናት ብለን ናቅናት።

በስልኬ የሌላ አገር ሰዎች የሚጠያየቁበትን ገጽ ፈለግሁ። ኔትወርኩ አንዴ እየመጣ ሦስቴ እየሄደ፣ አንዱ «ተመሳሳይ ችግር አለብኝ» ይላል፤ ሌላው «እኔም» ይላል፤ ሦስተኛው «ፈታሁት፣ አመሰግናለሁ» ብሎ እንዴት እንደፈታው ሳይናገር ሄዷል። ይህን ሰው ባገኘው ምን እንደማደርገው እግዚአብሔር ያውቃል። አራተኛው «ጎኑ ላይ ተንሸራታች ማብሪያ ማጥፊያ ካለ አረጋግጥ» ይላል። አንዱአምላክን ጠየቅሁት።

«ላፕቶፕህ ጎኑ ላይ የሚንሸራተት ነገር አለው?»

«የለውም» አለ ሳያይ። እኔም ዞር ዞር አድርጌ አየሁት፤ የለውም።

ስልኩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር ማገናኘት ትዝ አለኝ። የአንዱአምላክ ገመድ ባትሪ ይሞላል እንጂ ሌላ ነገር አያሳልፍም። ከሱቅ ሁለት አዲስ ገዛን፤ ሁለቱም እንደዚያው። ባለሱቁን ስጠይቀው «ኮኪት ስልክ ቻርጅ ሊደረግ ነው እንጅ ሊነጋገር ገመድ አይገዛም» አለኝ። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ደግሞ ካሜራም ዋይፋይም የላቸውም፤ የትምህርት ቢሮው ላፕቶፕ ከባለቤቱ ጋር ጎንደር ስብሰባ ላይ ነው።

ከዚያ አንዱአምላክ ካቻቢቴውን አነሳ። አልከለከልሁትም፤ ለመከልከል ሌላ ሐሳብ ሊኖረኝ ይገባ ነበር። ሆዱን ከፈተው። የዋይፋዩን ትንሽ ካርድ ነቀለ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ መለሰ። ሽቦዎቹን በቴስተር ለካ፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ኮምፕረሰሩን ሊነፋበት ሲል ግን ጮህሁ፤ የዓለምወርቅም ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

«እንግዲያውስ ዳይሬክት እናድርገው» አለ።

«የቱን ከየቱ ጋር?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ ብየ ነው» አለኝ።

ስንገጥመው አንድ ብሎን ተረፈ። ላፕቶፑ ተነሳ፤ ዋይፋይ የለም። በአካል ተዘግቷል ይላል።

ወይዘሮ አሰበች ይህን ሁሉ ከጋራዡ ደጅ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያያሉ፤ ማለቴ፣ ይሰማሉ። በየመሀሉ «ልጀ ገባ?» ይሉናል፤ «ገና ነው፣ እናቴ» እንላቸዋለን። ሐሙስ ማምሻውን ጠሩኝ።

«ልጀ ማስተዋል፣ ይኸ ዕቃ ሳትነኩት ይሠራ ነበር?»

«ይሠራ ነበር፣ እማማ።»

«ታዲያ ለምን ነካችሁት?»

ነገሩን ለማሻሻል ነው ልል አሰብሁና አፈርሁ። ወደ አሮጌው ሥርዓት እንዳልመለስ ራሴ አጥፍቼዋለሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ። አንድ እናት ከገለጉ ድረስ ተጭነው መጥተው፣ በእኔ ብልጠት ምክንያት የሕያው ልጃቸውን ተዝካር ሊያወጡ ነው ብዬ ተንገበገብሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ አዛናው የሚባል የትራክተር ሹፌር ትራክተሩን በሌላ ትራክተር አስጎትቶ፣ ፊቱ አቧራ በአቧራ ሆኖ መጣ። ትራክተሩ ጎንደር ለትልቅ ጥገና ሄዶ የተመለሰው ትናንት ነው።

«አያ አንዱአምላክ፣ ኸላስ፣ አለቀለት! ትራክተሩን ገደሉት» አለ። «ደህና አስነስቼ ነው የላክሁት። አሁን ቁልፉን ባዞር፣ ብጠመዝዝ፣ ዝም! ሞተሪኖው አይተነፍስም። ጎንደር ድረስ ሄዶ መጥቶ ተበላሸ።»

አንዱአምላክ ላፕቶፑን እንደተከፈተ ትቶ ተነሳ። እኔም እዚያው ሆኜ ራሴን ይዣለሁ። ክሩስኮቱ ሥር በእጅ ባትሪ አየና መሳቅ ጀመረ።

«አንተ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጠህ አስነሳ!»

«ምን?»

«ፍሪሲዮኑን በግራ እግርህ እርገጥና ቁልፉን አዙር።»

አዛናው ረገጠና አዞረ። ትራክተሩ ግቢውን አናወጠው። አንዱአምላክ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ፍሪሲዮን ካልተረገጠ እንዳይነሳ የሚከለክል ማብሪያ ማጥፊያ ነበረው» አለው። «የዛሬ አሥር ዓመት እኔ ቆርጨ ዳይሬክት አድርጌው ነበር። እነሱ ጎንደር አዲስ ገጥመውልሃል። አልተበላሸም፤ ተሠርቶ ነው! አሁን ቁልፉን ይሰማል…»

እዚህ ላይ ሳቁ ተቋረጠ። እየሮጠ መጥቶ ላፕቶፑን ከፊቴ አነሳና የፊት ጠርዙን ወደ ብርሃን አዞረ። በአውራ ጣቱ ዳበሰው። እዚያ፣ ከጠርዙ ጋር ተስተካክሎ፣ አቧራ ጠጥቶ የላፕቶፑን ቀለም የመሰለ የደረቀ ማስቲሽ አለ።

«መምህር» አለኝ፤ ድምፁ ተለወጠ። «እዚህ ማብሪያ ማጥፊያ ነበር። የሚንሸራተት። ኸሊፋ የሰጠኝ ጊዜ ወዲህ ባደርገው ወዲያ ባደርገው ምንም አይለውጥም፤ ዋይፋዩ ይሠራል። የሞተ ቁልፍ ነው ብየ፣ አቧራ እንዳያስገባ በማስቲሽ ደፈንሁት።»

«በየትኛው በኩል አድርገህ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ፤ ሲገባኝም የበለጠ ግራ ተጋባሁ። አሮጌው ሥርዓት የዚህን ላፕቶፕ ቁልፎች አያውቃቸውም ነበር፤ የድምፁንም፣ የብርሃኑንም፣ ይህንንም። አዲሱ ሁሉንም አወቃቸው። አንዱአምላክ የዛሬ አራት ዓመት «ዝጋ» ብሎ በማስቲሽ ያተመውን ትእዛዝ፣ ላፕቶፑ የሰማው ረቡዕ ዕለት ነው። መብራቷም አልዋሸችም። አራት ዓመት ሙሉ እውነቱን ስትነግረን ማንም አልሰማትም። ጥፋቱ የእኔ ነው የእሱ? ወይስ የማንም አይደለም? አሁንም ቢሆን አልለየሁትም።

ለመጨቃጨቅ ጊዜ አልነበረንም። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አንዱአምላክ የሽያጭ ብረቱን አግሎ ማስቲሹን በጫፉ ያለሰልሳል፤ እኔ በምላጭ እፍቃለሁ። ሙቀቱ ከላይ፣ ብረቱ ከታች፤ ላቤ ፊደሎቹ ላይ ይንጠባጠባል። «ቀስ በል!» እለዋለሁ። «አንተ ቀስ በል!» ይለኛል። ማስቲሹ ሲነሳ የቁልፏን ጆሮ ይዞ ተነሳ። ከሥር የቀረችው የጤፍ ፍሬ የምታክል ምላስ ናት፤ ጥፍር አይዛትም፣ ካቻቢቴ አይገባም። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ።

«የዓለምወርቅ! መርፌ!» ብሎ ጮኸ። የጆንያ መስፊያውን አመጣች፤ ወፍራም ነው። «ቀጭን! ቀጭን!» ስንላት ነጠላዋ ጠርዝ ላይ የሰካችውን ነቅላ ሰጠችው። አንዱአምላክ ምላሷን በመርፌው ጫፍ ገፋት። እምቢ አለች። እንደገና ገፋት።

ብርቱካናማዋ መብራት ሰማያዊ ሆነች። ቁልፏ በማስቲሽ ከተደፈነች ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። የስልኬ ስም መስኮቱ ላይ ብቅ ሲል ምን ብዬ እንደጮህሁ አላስታውስም፤ አዛናው ግን ትራክተሩን አጥፍቶ ወርዶ መጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር። ደወልን። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። እንደገና ደወልን። ወይዘሮ አሰበችን ደግፈን በርጩማ ላይ አስቀመጥናቸው፤ ላፕቶፑን የጎማ ክምር ላይ አድርገን አፍንጫቸው እስኪነካው አስጠጋንላቸው። ሌባ እንዳያታልላቸው ሦስት ጥያቄ አዘጋጅተው እንደነበር ለየዓለምወርቅ ነግረዋት ነበር፤ ሌላ ማንም የማያውቀውን፣ ከልጅነቱ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ጥያቄዎቹን ያጠናሉ።

መስኮቱ በራ። አንድ ጢሙ የጎፈረ፣ ጉንጩ የጎደጎደ ሰው ወደ እኛ ያያል። እኔ በፎቶ የማውቀውን ባህሩን አልመሰለኝም።

«እማ!» አለ ሰውየው፤ ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ከፊቱ ላይ ጠፋ። ወደ ካሜራው ተጠጋ፤ ዓይኑ ከተላጨው ራሳቸው ወደ ልብሳቸው ሄደ። «እማ፣ ጥቁር ለብሰሻል። ማን ሞቶብን ነው?»

በስልክ ባወራን ቁጥር ሞተ ብለን ለቅሶ መቀመጣችንን ለመንገር ማንም አልደፈረም ነበር።

«ንገሪኝ እንጅ! አንዱአምላክ ነው? የታለ? አንች፣ አንዱአምላክ የታለ?»

«አለሁ፣ አለሁ፣ እዚህ ነኝ!» አለ አንዱአምላክ፤ ከላፕቶፑ ጀርባ ተሯሩጦ ፊቱን በእናቱ ትከሻ በኩል አስገባ። እጁ ላይ መርፌዋ እንዳለች ነበረች።

«እና ማን ነው ታዲያ?»

ወይዘሮ አሰበች ያጠኑትን ጥያቄ አንዱንም አልጠየቁም። መዳፋቸውን አንስተው መስኮቱ ላይ፣ ጉንጩ ያለበት ቦታ ላይ አሳረፉት።

«ልጀ ሞቶብኝ ነበር» አሉት።

ከዚያ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ ሳያነሱ ለአንዱአምላክ «ለነፍስ አባቴ ደውልላቸው» አሉ። «ለጽዮን አይድከሙ በላቸው።»